መልስ፦ ዣኖ ጀልባን የሠራው ቤኔቶ ነው?

አሮጌ ዣኖ ልትገዛ ስትል ሻጩ «የቤኔቶ ሥራ ነው፣ ከ1884 ጀምሮ» ብሎህ፣ እውነት ነው ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። ቤኔቶና ዣኖ ጀልባ ሠሪ ድርጅቶች ናቸው።

አይደለም። ልትገዛው ያሰብከው የ1988 (እ.ኤ.አ.) ዣኖ ባለ ሸራ ጀልባ የቤኔቶ ሥራ አይደለም። ቤኔቶ ዣኖን የጠቀለለው በ1995 ነው። ሻጩ «ከ1884 ጀምሮ» ያለህ የቤኔቶን ዕድሜ ነው፤ ዣኖ የተመሠረተው በ1957 ነው። ሁለቱም ፈረንሳይ ውስጥ ከአንድ አካባቢ፣ ከቫንዴ ስለሆኑ ሰው ያምታታቸዋል።

የቤኔቶ ታሪክ ግን ደስ ይላል። ቤንዣሜን ቤኔቶ በ1884 ክሯ ደ ቪ በተባለች የአትላንቲክ ወደብ የጀመረው የዓሣ አጥማጆች ጀልባ በመሥራት ነው። በእንጨት! ሰማንያ ዓመት ገደማ እንጀራቸው ይኸው ነበር። በ1960ዎቹ የዓሣው ገበያ ሲቀዘቅዝ የልጅ ልጁ አኔት ቤኔቶ ሩ ድርጅቱን ወደ ፋይበርግላስ የመዝናኛ ጀልባ አዞረችው። ለእኔ ድርጅቱን ያተረፈችው እሷ ናት።

አንድ ነገር ልንገርህ፦ ማስታወቂያ ላይ የተጻፈውን ዓመት አትመን። እኔ አምኜ ሄጄ፣ ጀልባው ከተባለው በሦስት ዓመት ያረጀ ሆኖ አገኘሁት። ቀብድ ሳትከፍል ከጀልባው ጀርባ በስተቀኝ የተቀረጸውን የጀልባውን መለያ ቁጥር ፈልግ። ፎቶ አንሳውና ከሰነዱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያየው። ካልገጠመ ተወው።