አነስተኛ አምፕ ስፒከር ያቃጥላል እንዴ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። መኪናዬ ላይ ባለ 4 ኦም፣ 100 ዋት አርኤምኤስ (ያለማቋረጥ የሚችሉት አማካይ ኃይል) ስፒከሮች አስገጥሜያለሁ። አምፑ (ድምፅ ማጉያው) ግን በቻናል 50 ዋት ብቻ ነው የሚያወጣው። የገጠመልኝ ልጅ «አምፕህ አቅም የለውም፣ ክሊፕ እያደረገ ስፒከሮችህን ይጨርሳቸዋል፣ ትልቅ ግዛ» አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ትንሽ ዋት እንዴት ትልቅ ስፒከር ያቃጥላል ብሎ ይስቃል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ እኔ ወደ ጓደኛህ አደላለሁ፤ ልጁም ግን ዝም ብሎ አላወራም። የአምፕ ማነስ ብቻውን ስፒከር አያቃጥልም። ቢያቃጥል ኖሮ ቮልዩም ዝቅ አድርጎ የሚሰማ ሁሉ ስፒከሩን በጨረሰ ነበር። ስፒከር የሚቃጠለው ኮይሉ (ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል) ከመጠን በላይ ሲግል ነው፤ የሚያግለው ደግሞ አምፑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሳይሆን በተግባር የሚደርሰው አማካይ ኃይል ነው።

ታዲያ ክሊፒንግ ምን አመጣው? አምፑ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ የሞገዱ ጫፍ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ይሆናል። ቮልዩሙን ብትጨምርም ጫፉ አይነቃነቅም፣ ዝቅ ያለው የሙዚቃው ክፍል ግን እያደገ ይመጣል። ከበሮው መታ አድርጎ ዝም ሲል ኮይሉ ትንሽ ይቀዘቅዝ ነበር፣ አሁን ያቺ ፋታ ጠፋች ማለት ነው። ጭራሽ አራት ማዕዘን የሆነ ሞገድ እኩል ጫፍ ካለው ንጹሕ ሞገድ እጥፍ ኃይል አለው። ስለዚህ ያንተ 50 ዋት እስከ ጥግ ቢገፋ ወደ 100 ሊጠጋ ይችላል። ስፒከርህ ይችለዋል። የ60 ዋት ስፒከር ቢሆን ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር።

የሚያሳስበኝ ትዊተሩ፣ ማለትም ቀጫጭን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር ነው። ኮይሉ ቀጭን ነው፣ ብቻውን የሚሸከመውም ከ100 ዋት እጅግ ያነሰ ነው። ክሊፒንግ ሙዚቃው ውስጥ ያልነበሩ ቀጫጭን ድምፆች ይፈጥራል፣ እነሱም ቀጥታ ወደ እሱ ይሄዳሉ። ድምፁ ሻከር ሲል ቮልዩሙን ቀንስ፣ የቃጠሎ ሽታ ከመጣ ደግሞ ቶሎ አጥፋው።

ሌላው አምፑ ላይ ያለው ጌይን የሚባለው ማስተካከያ ነው። እባክህ ጌይንን እንደ ቮልዩም አትጠቀምበት፤ ሥራው አምፑን ከቴፑ ቮልቴጅ ጋር ማስማማት ነው። ስፒከሮቹን ከአምፑ ንቀል፣ ቤዙንና ፊልተሩን አጥፋ፣ ቴፑን እስከ ሦስት አራተኛ ክፈትና 50 ኸርዝ መሞከሪያ ድምፅ አጫውት (ኸርዙ ከዚህ በጣም ከፍ ካለ ርካሽ መልቲሜትር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ሊዋሽ ይችላል)። መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት (ተለዋዋጭ ቮልቴጅ) ላይ አድርገህ በአምፑ መውጫ 14.1 ቮልት እስኪያሳይ ጌይኑን ቀስ እያልክ ጨምር። 50 ዋት በ4 ኦም ማለት ያ ነው። ከዚያ በኋላ ቤዝ ቡስት (ወፍራሙን ድምፅ የሚያጎላው ማስተካከያ) ላይ 6 ዴሲቤል ብትጨምር ግን ልፋትህ ገደል ገባ፦ 15 ዋት ይበላ የነበረው ቤዝ 60 ይጠይቃል፣ አምፑ ደግሞ የለውም።

ትልቅ አምፕ መግዛት ካማረህ ግዛ፣ ድምፁ ሳይሻክር ከፍ ይልልሃል። ስፒከር ለማዳን ብለህ ግን አይሁን፤ በ200 ዋት አምፕ ማቃጠል የባሰ ይቀላል።