ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ለእናታችሁ እውነቱን ንገሯት

ዋሽንግተን አካባቢ መኖር ከጀመርኩ 19 ዓመት ሊሆነኝ ነው። አዲስ የመጣ ልጅ ይደውልልኛል። «ጋሼ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለብቻዬ የምኖርበት ርካሽ ቤት ይፈልጉልኝ» ይለኛል። ለኪራይ ስንት መደብክ ስለው ዝም ይላል። ወደ አገር ቤት በወር ስንት ትልካለህ ስለው ግን መልሱ አፉ ላይ ነው። 400 ዶላር። ያው ነው የሚያሳስበኝ።

1. ወረቀት

መታወቂያ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ የቅርብ ጊዜ የደሞዝ ወረቀትና የባንክ ስቴትመንት ይዛችሁ ሂዱ፤ ክሬዲት፣ ማለትም የብድር አከፋፈል ታሪክ፣ ከሌላችሁ ዋስ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ።

2. ሂሳቡን በራሳችሁ ሥሩ

በሰዓት 18 ዶላር እየተከፈለው በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው ታክስ ሳይቆረጥ በወር 3,120 ዶላር ያገኛል። ብዙ ሕንፃዎች ገቢያችሁ የኪራዩን ሦስት እጥፍ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ይህ ሰው የሚፈቀድለት ኪራይ 1,040 ዶላር ነው። በዚህ ብር ሲልቨር ስፕሪንግ መሃል ባለ አንድ መኝታ ቤት አይገኝም። አሌክሳንድሪያም አይገኝም። ስቱዲዮ፣ መኝታውም ሳሎኑም አንድ ክፍል የሆነው ቤት ራሱ ብርቅ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ራቅ በሉ። ጀርመንታውንና ሎረል ከመሃል ይሻላሉ። ግን የመኪና፣ የኢንሹራንስና የቤንዚን ወጪ ኪራዩ ላይ ደምሩበት፤ ብዙ ሰው ይህን ረስቶ ነው በሦስተኛው ወር የሚያለቅሰው። ሬድ ላይን የሚባለው የሜትሮ ባቡር ሼዲ ግሮቭ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወደ ጀርመንታውን ባስ ነው። ሁለተኛ፣ ሜሪላንድ ያለው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ኤምፒዲዩ የሚባል ፕሮግራም አለ። አዳዲስ ሕንፃዎች የተወሰኑ ቤቶችን ገቢው መካከለኛ ለሆነ ሰው በዝቅተኛ ኪራይ እንዲሰጡ ያስገድዳል። ለኪራይ የምታመለክቱት እዚያው ሕንፃው ቢሮ ሄዳችሁ ነው። የእኛ ሰው ይህን አይጠይቅም። «ለእኛ አይሰጡንም» ብሎ በሩ ላይ ሳይደርስ ይመለሳል። አይሰጡንም ያለው ማነው? ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ስማችሁን አስመዝግቡ፣ በየወሩ ደውሉ።

ቤት የምትፈልጉት በክረምቱ ብርድ ቢሆን ይሻላል። በዲሴምበርና በጃንዋሪ የሚለቅም የሚገባም ሰው ትንሽ ስለሆነ ዋጋ ይለሳለሳል። «አንድ ወር ነፃ» ካሏችሁ ደግሞ ሙሉው ኪራይ ስንት እንደሆነ ጠይቁ፤ ውሉ ሲታደስ የምትከፍሉት እሱን ነው።

3. ዲፖዚት

ስትገቡ የምታስይዙት ብር በዲሲም በሜሪላንድም ከአንድ ወር ኪራይ አይበልጥም። ሜሪላንድ ከኦክቶበር 2024 በፊት ሁለት ወር ትፈቅድ ነበር፤ ቨርጂኒያ አሁንም ሁለት ወር ድረስ ትፈቅዳለች። ስትገቡ ግድግዳውን፣ ምንጣፉን፣ ምድጃውን በስልክ ቅረጹ። ቤቱን በዓይናችሁ ሳታዩ ለማንም በዜል፣ በስልክ ገንዘብ መላኪያው፣ ብር አትላኩ።

4. ቤዝመንት

ቤዝመንት፣ ከቤት ሥር ያለው ክፍል፣ ነውር አይደለም። መስኮትና የራሱ መውጫ ያለው፣ የጭስ ማስጠንቀቂያ የተገጠመለት፣ በውል የተከራየ ቤዝመንት ጥሩ መነሻ ነው። የምቆጣው ሌላውን ነው። ውል የለም፣ ደረሰኝ የለም፣ በጥሬ ብር እየከፈሉ አምስት ሰው በመጋረጃ ተከፋፍሎ ይኖራል። እኔ እንዲህ ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ። እርጥበቱ ልብሳችንን ያሻግተው ነበር። ሳል የያዘኝ እዚያ ነው። በስድስተኛው ዓመት ባለቤቱ ቤቱን ሸጠውና ውጡ አለን። የጽሑፍ ውል ባይኖርም ተከራይ መብት እንዳለው አናውቅም ነበር። ዕቃችንን ይዘን ወጣን። ሌላ ቤት ስጠይቅ «ከዚህ በፊት የት ተከራይተሃል?» አሉኝ። ስሜ የተጻፈበት አንድ ወረቀት አልነበረኝም። ስድስት ዓመት ኪራይ ከፍዬ፣ አንድም ቀን እንዳልተከራየ ሰው ተቆጠርኩ።

5. ወደ አገር ቤት የሚላከው

ያኔ ድህነት ነው ቤዝመንት ያኖረኝ እል ነበር። አልነበረም። ሁለት ሥራ ነበረኝ። ከጓደኛ ጋር ተጋርቼ ደህና አፓርታማ መግባት እችል ነበር። ያላስቻለኝ ለእናቴ የነገርኳት ውሸት ነው።

በመጣሁ በሁለተኛው ወር «ለብቻዬ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይቻለሁ» አልኳት። የጓደኛዬ ሕንፃ ሎቢ ውስጥ ቆሜ ፎቶ ላኩላት። ለብቻው አፓርታማ የሚኖር ልጅ ደግሞ ብር አለው። የአክስቴ ልጅ ሠርግ መጣ። የእህቴ ልጅ ስልክ ፈለገ። ደሴ ያለው የእናቴ ሳሎን ሶፋ አለቀበት አሉኝ። ሁሉንም እሺ አልኩ። እምቢ ብል ፎቶው ውሸት ይሆናል።

ከቤዝመንቱ ስንወጣ ሁለት ወር የሰው ሶፋ ላይ አደርኩ። ለእናቴ ያኔ ነው የነገርኳት። ደክሞኝ ነበር፣ ድምፄ ተቆረጠባት፣ ምን ሆንክ አለችኝ፣ ሁሉንም አወራሁላት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ልጄ፣ አንተ የሰው ሶፋ ላይ እያደርክ ለኔ ሶፋ ትልካለህ? መቼ ጠየቅኩህ?» አለችኝ። አለቀሰች። እውነትም እሷ ጠይቃኝ አታውቅም። የጠየቁኝ ሌሎች ናቸው፤ እሺ ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

አትላኩ እያልኩ አይደለም። እኔም ዛሬ ድረስ እልካለሁ። መጀመሪያ ግን ኪራያችሁን፣ ከዚያ የሦስት ወር ኪራይ የሚሆን መጠባበቂያችሁን ለዩ። የተረፈውን ላኩ። 150 ከሆነ 150 ነው። ለሠርግ፣ ለስልክ፣ ለሶፋ ብር የለኝም ማለት ልመዱ፤ ለሕመምና ለትምህርት ግን አትከልክሉ። ዛሬ ቤት የሌለው ሰው ነገ ለእናቱ መድኃኒት አይልክም። እኔ ያንን ያየሁት እናቴ በታመመች ጊዜ ነው። የሆስፒታሉን ብር የላክሁት ተበድሬ ነው፤ ከስድስት ዓመቱ ያጠራቀምኩት 800 ዶላር ብቻ ነበር። እሷ ዛሬ የለችም። ለብቻዬ የተከራየሁትን ቤት አላየችውም፣ በቪዲዮ እንኳን አላሳየኋትም።

ስለዚህ ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ደውሉላት። ደሞዛችሁን፣ ኪራዩን፣ የሚተርፈውን በቁጥር ንገሯት። እዚህ እሁድ ጠዋት ሲሆን እዚያ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቡና አፍልታ ተቀምጣለች።