ከብትዎ ደን ሳይገባ እንዲጠግብ

ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን ግርጌ የሚኖሩ አንድ አርሶ አደር እንዲህ ሲሉ ጠይቀውናል፦ «ሁለት በሬ፣ አንድ ላምና ስድስት ፍየል አሉኝ። ከአባቶቻችን ጀምሮ የምናሰማራው ደኑ ውስጥ ነበር። አሁን ተከለከልን። ከብት ሣር ቢግጥ ደኑ ምን ይሆናል? በበጋስ ምን ላብላቸው?»

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ጭንቀትዎ ይገባኛል፤ በሬው ከከሳ እርሻው ቆመ ማለት ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ደኑ ዳር ካለ ትልቅ ወይራ ሥር ጎንበስ ብለው ይዩ። ዘሩ ወድቆ በቅሏል። ግን ቡቃያው ከጉልበት አያልፍም። ፍየል ጫፉን እየቀነጠበችው እንደ ሞሰብ ክዳን ክብ ብሎ ይቀራል። ጽዱን ከብት እምብዛም አይወደውም፤ እሱን የሚጨርሰው ሰኮና ነው። በክረምት መሬቱ ሲርስ፣ የጣት ቁመት ያላት ችግኝ አንዴ ከተረገጠች አትነሳም። ደኑ ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ ነው። ውስጡ ግን ያረጁት ዛፎች ብቻ ቀርተዋል፣ ተተኪ የለም። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን አዲስ አበባ አጠገብ ያለውን የመናገሻን ተራራ በጽድ ያስለበሱት ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር ነው ይባላል። ለሌላው ዘር የሰጠ ደን ዛሬ ራሱን መተካት ሲያቅተው አንጀቴን ይበላዋል።

ወደ መኖው እንምጣ። 250 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ያገራችን በሬ በቀን ወደ 6 ኪሎ ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ለአንድ ራስ 11 ኩንታል ያህል ነው፤ ለሁለቱ በሬና ለላሟ 33። የገብስና የባቄላ ገለባዎ ስንት እንደሚሆን ያስሉና ጉድለቱን በድርቆሽ ይሙሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የድርቆሹ ጊዜ ላይ ነው። ሣሩ እንዲበዛ ተብሎ እስከ ኅዳር መጨረሻ ይቆያል። ያኔ አገዳ ብቻ ነው፤ ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሆንም። ግማሹ ሲያብብ ይጨዱት፣ ብዙውን ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት። ፀሐይ ካለ እያገላበጡ ሁለት ሦስት ቀን ያድርቁት። ሲጠመዝዙት እጅዎን ካላረጠበና አረንጓዴነቱ ካልጠፋ ደርሷል። ዝናብ በማይነካው ቆጥ ላይ ይከምሩት።

ከደኑ ሣር አጭዶ በሸክም ማውጣትም አንድ መንገድ ነው፤ ግን በፈቃድ ይሁን። የደን አዋጁ፣ ቁጥር 1065/2010፣ ለማኅበረሰቡ ተሳትፎና ጥቅም ቦታ አለው። ከጎረቤቶችዎ ጋር ሆናችሁ የወረዳውን የደን ባለሙያ ስለ አሳታፊ የደን አስተዳደር፣ ማለትም ማኅበረሰቡ ከመንግሥት ጋር ደኑን አብሮ ስለሚጠብቅበትና ስለሚጠቀምበት አሠራር፣ ጠይቁ። መቼ፣ የት፣ ስንት ሸክም የሚለው በጽሑፍ ይስፈር።

እርከንዎ ላይ ደሾ የሚባለውን የመኖ ሣር ይትከሉ። በክረምት መግቢያ ሥሩን እየገነጠሉ ይተክሉታል፤ ከሦስት አራት ወር በኋላ ይታጨዳል። ለአጥር ደጋ የሚስማማውን ትሪ ሉሰርን የተባለ የመኖ ዛፍ ያድርጉ፣ ፍየሎቹ ቅጠሉን ይወዱታል። ከደኑ መጀመሪያ የሚወጡትም እነሱ ይሁኑ።

ንብ ካለዎት ቀፎውን ጓሮ ያስቀምጡት። ንብ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር በርራ ወይራውንና ኮሶውን ራሷ ታገኘዋለች። ማር ሲቆርጡም በበጋ ጭስና እሳት ይዘው ደን ውስጥ አይገቡም።