ከተማዋ አደገች ወይስ ቀነሰች? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ ጊዜ የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ በአንድ ጉዳይ ላይ ያጠነጥናሉ። በጣም ትልቅም በጣም ትንሽም ያልሆነ ከተማ፣ ከነዙሪያው፣ ሰው ሲበዛበት ወይ ሲቀንስበት ምን ይሆናል? ደብዳቤዎቹን ትንሽ አሳጥረናቸዋል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የከተማችን ሕዝብ እየቀነሰ ነው ተባለ፤ የቆጠራው ውጤት ነው አሉ። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ሥራ ለመግባት መኪና ውስጥ አንድ ሰዓት እፈጃለሁ። የሚከራይ ቤትም እንደ ልብ አይገኝም። ሰው ከቀነሰ ይሄ ሁሉ መኪና ከየት መጣ? ማነው የሚዋሸው? (የሰለቸው አሽከርካሪ)

መልስ፦ ማንም አልዋሸህም። ቁጥሩም ልክ ነው፣ መጨናነቁም ልክ ነው። ቆጠራው የሚያወራው በከንቲባው ሥር ስላለው መሬት ብቻ ነው። አንተ ጠዋት የምትነዳው ግን ሰዉ ከሚያድርበት እስከሚሠራበት በተዘረጋው ሰፊ አካባቢ ውስጥ ነው። ሜትሮፖሊታን የሚባለው ይሄኛው ነው። አሜሪካኖች ለምሳሌ ወሰኑን የሚያሰምሩት በሥራ ምልልስ ነው። በአጎራባች ካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ የአስተዳደር ክልል ነው) ከሚኖሩ ሠራተኞች ቢያንስ 25 በመቶው ወደ ማዕከሉ ለሥራ የሚመላለሱ ከሆነ ያ ካውንቲ የሜትሮፖሊታኑ አካል ተደርጎ ይቆጠራል። ከንቲባው እዚያ አያዝም፣ ግብርም አይሰበስብም፤ መንገዱ ግን የሁሉም ነው።

የአሜሪካዋን ሴንት ሉዊስን እይ። በ1950 የከተማዋ ነዋሪ 856,796 ነበር። በ2020 ወደ 301,578 ወረደ። ከሦስት ሰው ሁለቱ ሄደ ማለት ነው። ግን የት ሄደ? ብዙው ብዙም አልራቀም። በዚያው በ2020 ሜትሮፖሊታኑ 2.8 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነበረው፣ ከ1950ውም በብዙ ይበልጣል። ነገሩ የሚጀምረው በ1876 ነው። ከተማዋ በዚያ ዓመት ከካውንቲው ራሷን ለይታ ወሰኗን ዘጋች፤ ያኔ ዙሪያው ገጠር ስለነበር የከተማው ሰው ለገጠሩ ወጪ እኔ ለምን ልክፈል አለ። በኋላ ግን አዲሱ ቤትም፣ ሱቁም፣ ግብሩም ከወሰኑ ውጪ በቀለ። ወሰኑን ማስፋት ደግሞ ቀላል አልሆነም።

ቤት ለምን አይገኝም ላልከው፣ ሰዎች የሚረሱት አንድ ሒሳብ አለ። በአሜሪካ በ1950 በአንድ ቤት ውስጥ በአማካይ 3.37 ሰው ይኖር ነበር። በ2020 2.53 ገደማ ሆነ። እንግዲህ 100,000 ቤት ያላት ከተማ አስብ። አንድም ቤት ሳይፈርስ፣ አንድም ቤት ባዶ ሳይሆን፣ ሕዝቧ ከ337,000 ወደ 253,000 ይወርዳል። ሩብ ያህሉ ሕዝብ ጠፋ፣ መብራት የጠፋበት መስኮት ግን የለም! ልጆች ቁጥራቸው አነሰ፣ ብቻውን የሚኖር በዛ፣ ባልና ሚስት ሲፋቱ አንድ ቤት የነበረው ሁለት ቤት ይፈልጋል። ስለዚህ ከተማው እየቀነሰ ኪራይ ሊወደድ ይችላል። ጋዜጣ ላይ «ሕዝብ ቀነሰ» የሚል ርዕስ ስታይ ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች ቁጥርስ ብለህ ጠይቅ። የቤቶቹ ቁጥር ካልቀነሰ ጉዳዩ ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ጎረቤታችን ያለው ከተማ በአሥር ዓመት ከግማሽ በላይ አደገ ብለው ይፎክሩብናል። እንዴት ነው እንዲህ የሚታደገው? እኛስ ምን ጎድሎን ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ ካርታውን እዩ። የአሜሪካዋ ኢንዲያናፖሊስ በ1960 476,258 ሕዝብ ነበራት፤ በ1970 744,624 ሆነች። ጉድ ነው አይደል? በ1970 መጀመሪያ ላይ ከተማውና ካውንቲው አንድ አስተዳደር ስለሆኑ ነው። ሰዎቹ እዚያው ቤታቸው እንደተኙ የከተማ ሰው ሆኑ። ማዋሃዱ መጥፎ ነው አላልኩም፣ እንዲያውም ከላይ ካየነው ከሴንት ሉዊስ ጣጣ ያድናል። ዕድገት ብሎ መፎከር ግን ሌላ ነገር ነው።

ወሰኑ ካልተነካ የሚቀሩት አራት ነገሮች ናቸው። የተወለደ፣ የሞተ፣ የመጣና የሄደ። ከዚህ ውጪ የሕዝብ ቁጥር የሚቀየርበት መንገድ የለም። ፎካሪው ቁጥሩን ለአራቱ ከፋፍሎ ካላሳያችሁ አትደንግጡለት። በነገራችን ላይ 70ን ለዓመታዊው የዕድገት መቶኛ ብታካፍሉት ሕዝቡ በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን በግምት ይነግራችኋል። በዓመት 3 በመቶ የሚያድግ ከተማ በ23 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ያኔ ትምህርት ቤቱም፣ ውሃውም፣ መንገዱም እጥፍ መሆን አለበት። በዚህ ፍጥነት ለሚያድግ ከተማ እኔ ከምቀና ባዝን ይሻለኛል።

ጥያቄ፦ 27 ዓመቴ ነው። የከተማችን ትልቁ ፋብሪካ ሊዘጋ ነው። ወላጆቼ ቤት አላቸው፤ እናቴ «እኛ የትም አንሄድም፣ አንቺ ግን ሂጂ» ትለኛለች። ፋብሪካ ሲዘጋ ከተማ በአንዴ ባዶ ይሆናል? (ግራ የገባት)

መልስ፦ በአንዴ አይሆንም። ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይሄ ዝግታው ነው እህቴ።

በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ያለችው ያንግስታውን መስከረም 19 ቀን 1977 ሰኞ ዕለት ትልቁ የብረት ፋብሪካዋ እንደሚዘጋ ተነገራት። 5,000 ያህል ሰው ሥራ አጣ። ቀኑን እስከ ዛሬ «ጥቁር ሰኞ» ይሉታል። ተከትለው ሌሎቹም ተዘጉ። ሕዝቧ በ1930 170,002 ነበር፤ በ2020 60,068 ነው። ልብ በይ፣ ለዚህ ቁልቁለት አሥርት ዓመታት ፈጅቶባታል።

ለምን ዝግ ይላል? ግሌዘርና ጂዩርኮ የሚባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች በ2005 ባወጡት ጥናት ያሳዩት ነገር አለ፤ መልሱ ቤት ነው። ከተማ ሲያድግ ቤት በፍጥነት ይሠራል። ሲቀንስ ግን ቤቱ እዚያው ቆሞ ይቀራል፣ ሃምሳ ስልሳ ዓመት። ፈላጊ ሲጠፋ ዋጋው ለመሥራት ከወጣበት በታች ይወርዳል። ከዚያ ርካሽ ቤቱ ራሱ ሰው ይይዛል። እናትሽ «አንሄድም» የምትለው ልቧ ስላልቆረጠ ብቻ አይደለም፤ ቤቱን ሸጠው ሥራ ያለበት ከተማ ሌላ ቤት ልግዛ ቢሉ ብሩ አይበቃቸውም። ስለዚህ የሚሄደው ቤት ያልያዘው፣ ወጣቱ፣ ትምህርት ያለው ነው። አንቺ ማለት ነው።

ወጣት ሲሄድ ደግሞ የሚሄደው ብቻውን አይደለም፤ ወደፊት የሚወልዳቸው ልጆችም አብረውት ይሄዳሉ። ሌላዋን የአሜሪካ የብረት ከተማ ፒትስበርግን እዪ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የብረት ሥራው ሲወድቅ ወጣቱ ነቅሎ ወጣ። ስደቱ ረገብ ካለ በኋላም አካባቢው ለዓመታት ከሚወለደው የሚሞተው እየበለጠ ቀጠለ። ሰው መልቀቅ ካቆመ በኋላ መሆኑ ነው! የሄዱት ወላጅ የሚሆኑበት ዕድሜ ሲደርስ ሌላ ከተማ ስለነበሩ ነው።

ግን ፒትስበርግ አልሞተችም። ከተማዋ ከ1950 እስከ 2020 ከ676,806 ወደ 302,971 ብትወርድም ሥራዋን ቀየረች፤ ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲ የብረቱን ቦታ ያዙ። መሐል ከተማ ላይ ለብረት ኩባንያ የተሠራ 64 ፎቅ ሕንፃ አለ። አናቱ ላይ አሁን የሚነበበው የአንድ የሆስፒታሎች ድርጅት ስም ነው። ያንግስታውን እንዲህ ያለ ሁለተኛ እግር አልነበራትም።

ስለዚህ ለአንቺ የምለው፣ ፋብሪካውን ሳይሆን ከፋብሪካው ሌላ ምን እንዳለ ቁጠሪ። ጥሩ ዩኒቨርሲቲ፣ ትልቅ ሆስፒታል፣ ከውጪ ገንዘብ የሚያመጣ ሌላ ሥራ አለ? ካለ ሁለት ሦስት ዓመት ታግሰሽ ማየት አያከስርም። ከሌለ እናትሽን ስሚያት።

ጥያቄ፦ በማዘጋጃ ቤት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ተጠቃሚው በሲሶ ሲቀንስ የውሃ አገልግሎት ወጪ ለምን በሲሶ አይቀንስም? ስብሰባ ላይ ስንጠይቅ ይሸፋፍኑት ነበር።

መልስ፦ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ እንዲያውም ወጪው ሊጨምር ይችላል። ቧንቧው የተቀበረው ለድሮው ሕዝብ ነው፤ ርዝመቱም ስፋቱም ያው ነው። በሰፊው ቧንቧ ውስጥ የሚፈሰው ሲያንስ ውሃው ቀስ ይላል፣ ይተኛል፣ ይሞቃል፣ ክሎሪኑ ኃይሉን ያጣል። ከዚያ ሠራተኞች እየዞሩ ቧንቧ ከፍተው ደህናውን ውሃ መንገድ ላይ ይደፉታል፣ መስመሩ እንዲታጠብ ብቻ! የፍሳሹ ደግሞ ይብሳል። ቆሻሻውን የሚገፋ በቂ ውሃ ስለሌለ መስመሩ ይደፈናል፣ ይሸታል። ይሄን ሁሉ ወጪ የሚከፍሉት የቀሩት ሰዎች ናቸው።

ምሥራቅ ጀርመን ይህን በደንብ ቀምሳዋለች። ከምዕራብ ጀርመን ጋር ከተዋሃደች በኋላ ሕዝቡ ወደ ምዕራብ ጎረፈና በ2000 አካባቢ አንድ ሚሊዮን ገደማ ቤት ባዶ ቆሞ ነበር። መንግሥት በ2002 ባዶ ሕንፃዎችን የማፍረስና መሐል ከተማን የማደስ ፕሮግራም ጀመረ። እዚህ ላይ ብልሃቱ የት ይፍረስ የሚለው ነው። እዚህ አንድ እዚያ አንድ ካፈረሱ ቧንቧው አንድ ሜትር አያጥርም፤ ለቀሩት ሁለት ቤተሰቦች ሲባል መስመሩ ሁሉ ይቆያል። ወጪ የሚቀንሰው ከዳር ጀምሮ መንደር ሙሉ ሲዘጋ ነው። ያ ደግሞ ሰውን ከቤቱ ማስነሳት ነው፤ ለምርጫ የሚወዳደር ሰው አፉን ሞልቶ የሚናገረው ነገር አይደለም። ስብሰባው ላይ የሸፋፈኑብዎ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ላይፕዚግ በ1989 530,000 ያህል ነዋሪ ነበራት፤ በ1998 ወደ 437,000 ወርዳ አለቀላት ተባለ። ዛሬ ከ600,000 በላይ ናት። ከጭማሪው ከፊሉ በ1999 እና በ2000 ወደ ከተማዋ ከተጠቃለሉ አጎራባች ቦታዎች የመጣ ነው፤ የቀረው ግን የሰው መምጣት ነው። የመኪና ፋብሪካዎች ተተከሉ፣ ተማሪው መጣ። ያረጁትን የድንጋይና የጡብ ቤቶች በትንሽ ወጪ «እየኖራችሁ ጠብቁልን» ብለው ለወጣቶች የሰጡበት ዘዴም ነበር። ያኔ ሁሉንም አፍርሰው ቢሆን ዛሬ በምን ያስተናግዱት ነበር?

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ነን። ተማሪው ክረምት ላይ ሲሄድ ከተማው ጭር ይላል። ታዲያ ስንት ነን?

መልስ፦ አብዛኛው ቆጠራ የሚጠይቀው «በመደበኛነት የምታድረው የት ነው?» ብሎ ነው። በአሜሪካ ግቢ ውስጥ የሚኖር ተማሪ የሚቆጠረው ወላጆቹ ጋ ሳይሆን እዚያው ዩኒቨርሲቲው ያለበት ከተማ ነው፤ እስረኛም ማረሚያ ቤቱ ባለበት። ስለዚህ ማደሪያ ሕንፃ አንድ ሲጨመር ከተማው «አደገ» ይባላል።

በመዝገብ የሚቆጥሩም ከጣጣው አያመልጡም። ሲመጣ የተመዘገበ ሰው ሲሄድ ማሳወቁን ይረሳል። ጀርመኖች በ2011 ቆጠራ ሲያካሂዱ መዝገቡ ከሚለው 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ጎደለባቸው። በጀት በነዋሪ ቁጥር ስለሚከፋፈል አንዳንድ ከተሞች ተናደው ፍርድ ቤት ሄዱ።

ጥያቄ፦ አንዳንድ ከተሞች ለሚመጣ ሰው ገንዘብ ይሰጣሉ ሲባል ሰማሁ። እኛም እንሞክረው? (የምክር ቤት አባል)

መልስ፦ እውነት ነው። የአሜሪካዋ ቱልሳ ከ2018 ጀምሮ ከርቀት ለሚሠራና እዚያ መጥቶ ለሚኖር ሰው 10,000 ዶላር የሚሰጥ ፕሮግራም አላት፤ ገንዘቡ የአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። የከተማው በጀት ቢሆን ኖሮ ቆም ብለው ያስቡ ነበር። ደመወዙን ይዞ የሚመጣ ሰው ጥሩ ነው። ግን ላፕቶፑን አጥፎ ለመሄድም ያው ቀላል ነው።

እኔ ከቱልሳ ይልቅ ሌላዋን የአሜሪካ ከተማ ቡፋሎን ብታዩ እላለሁ። ሕዝቧ ከ1950 ጀምሮ በየቆጠራው ሲወርድ ኖሮ በ2010 261,310 ደረሰ፤ በ2020 ግን 278,349 ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ትልቅ ድርሻ ያላቸው ስደተኞችና ከባንግላዴሽ፣ ከበርማ፣ ከሶማሊያ የመጡ ቤተሰቦች ናቸው። ማንም የማይፈልገውን አሮጌ ቤት በርካሽ ገዝተው ጣሪያውን ጠገኑ፣ የተዘጋ ሱቅ ከፈቱ፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አስገቡ። የሳባቸው ርካሹ ቤትና ቀድሞ የመጣ ዘመድ ነበር።

ስለዚህ በጀት ካላችሁ መጀመሪያ የባዶ ቤቶቹን የባለቤትነት ወረቀት አጣሩ። ባለቤቱ የማይታወቅ፣ ውዝፍ ግብር ያለበት፣ ወራሾች የሚካሰሱበት ቤት ምንም ርካሽ ቢሆን ማንም ገዝቶ ሊገባበት አይችልም። ሥራው ጊዜ ይፈጃል፣ ምርቃት ላይ ሪባን የሚቆረጥለትም አይደለም፣ ግን የምክር ቤት ሥልጣን ያለው ሰው ነገ ጠዋት ሊጀምረው ይችላል።