በርበሬና ቡናን እርግፍ አድርገሽ ከመተውሽ በፊት

እህቴ፣ «ሐኪሙ ሮዜሺያ ነው አለኝ፤ በርበሬና ቡና ልተው? ጾሙስ ያባብስብኛል?» ያልሽውን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እኔም ከዚሁ ፊትን ከሚያቀላና ከሚያቃጥል የቆዳ ሕመም ጋር ስኖር ዓመታት አልፈዋል።

ያለብሽን ሮዜሺያ ምግብ ሊቀሰቅሰው ይችላል፤ የሚቀሰቅሰው ምግብ ግን ከሰው ሰው ይለያያል። ስለዚህ አንዷ ቲማቲም፣ ሌላዋ ወተት ተዪ ባለችሽ ቁጥር ሁሉንም አትተዪ። አንዱን ብቻ ለተወሰነ ጊዜ ትተሽ ፊትሽን ተከታተዪ። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ብዙም አይታይም፤ አንቺ የምታውቂው በማቃጠሉ፣ በመሞቁና ብጉር በሚመስለው ሽፍታ ነው።

እኔን በርበሬ ያስነሳብኛል። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የሚባለው ነገር ሙቀት የሚለዩትን ነርቮች ስለሚነካ የፊት የደም ሥሮች ይሰፋሉ። ሚጥሚጣና ዳጣ ጭራሽ አልነካም፤ ቀይ ወጥ ግን በርበሬውን ቀነስ አድርጌ፣ በረድ ሲል እበላለሁ። አልጫ ምንም አድርጎኝ አያውቅም።

ብዙዎቻችን ወጡን የምንወቅሰው ግን ጥፋቱ የምድጃው ሆኖ ሳለ ነው። እንጀራ ስትጋግሪ አክንባሎውን ባነሳሽ ቁጥር እንፋሎቱ በቀጥታ ፊትሽ ላይ ነው የሚወጣው። እኔ ገና አንድ ጉርሻ ሳልቀምስ ጉንጬ ይግል ነበር። አሁን መስኮት ከፍቼ፣ ፊቴን ዞር አድርጌ ነው የማነሳው፤ ለውጡ በርበሬ ከመቀነሴ ይበልጣል።

ቡናን በተመለከተ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ። በ1981 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት 60 ዲግሪ የሞቀ ቡናም፣ እንዲሁ የሞቀ ውሃም የሕመምተኞቹን ፊት አቀሉት፤ የቀዘቀዘው ቡና ግን አላቀላም። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ከ82 ሺህ በላይ ሴት ነርሶች የተካተቱበት ጥናት ካፌይን ያለው ቡና አዘውትረው የሚጠጡት ላይ ሮዜሺያ አነስ ብሎ እንደሚታይ አሳይቷል። ይህ ቡናን መድኃኒት አያደርገውም፤ ግን አቦሉን ለብ እስኪል ጠብቀሽ ጠጪ፣ ከከሰሉም ራቅ ብለሽ ተቀመጪ። ሻይሽ ውስጥ ቀረፋ የምትጨምሪ ከሆነ እሱንም ለብቻው ሞክሪው፣ አንዳንዱን ሰው ይቀሰቅሰዋል። አረቄና ነጭ ወይን ግን ተያቸው።

ጾሙ በራሱ አይጎዳሽም። ቀኑን ሙሉ ቆይተሽ እየተንተከተከ የቀረበ ሽሮ በቃሪያ ስትጀምሪ ነው ችግሩ። እስኪበርድ ታገሺ፣ ቃሪያውን ለሌላው ተዪለት።

አንድ በጣም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ፊት ያጠራል፣ ብጉር ያጠፋል ተብለው ከሚሸጡት ቅባቶች ብዙዎቹ ስቴሮይድ የሚባል ጠንካራ መድኃኒት አላቸው። ለጊዜው ያሳምሩና ሮዜሺያውን ያብሱታል፤ እነሱን እየተቀቡ ምግብ መምረጥ ዋጋ የለውም። የምትቀቢው ካለ ዕቃውን ይዘሽ ሄደሽ ለቆዳ ሐኪምሽ አሳዪ፣ በአንዴ ማቆምም ሊያገረሽብሽ ስለሚችል አተወውን እሱ ይንገርሽ። ዶክሲሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ከታዘዘልሽ ከወተትና ከብረት ክኒን ጋር አትውሰጂው፣ መድኃኒቱ በደንብ እንዳይሠራ ያደርጉታል። ዓይንሽ ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል ከቆረቆረሽ ወይም ከቀላ ደግሞ ምግብ መቀየሩን ትተሽ የዓይን ሐኪም ጋ ሂጂ፤ ሮዜሺያ ዓይንንም ይይዛል።