«የሁለታችሁ ነው፣ ተካፈሉ»

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ፣ እንዴት ሰነበቱ? የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ታናሽ ወንድሜ የፍቅር ኮሜዲ ስክሪፕት እየጻፈ ነው፣ ማታ ማታ ሲያነብልኝ ቀልዱ ያስቀኛል ፍቅሩን ግን አላምነውም፣ ይሄን ስለው ደሞ ይከፋዋል። ሲኒማ ገብቼ ያየኋቸው ብዙዎቹም እንደዛው ናቸው። እውነት እውነት እንዲሸትና እንዲያዝናና የሚያደርገው ምንድነው? ልጁን ምን ልበለው? (ከአባዶ)

መልስ፦ እህቴ፣ ቀልዱ ያስቃል ፍቅሩ ግን አይታመንም ካልሽ ወንድምሽ የጻፈው ሁለት ፊልም ነው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ እኛ ጋ ፍቅሩ ለዋናዎቹ ይሰጥና ቀልዱ ለልጁ ጓደኛ ወይ ለዘበኛው ይሰጣል፣ እሱ ገብቶ አስቆን ይወጣል ከዛ ፍቅረኞቹ ሙዚቃ ተከፍቶላቸው ተያይተው ይቆማሉ፣ አንዱ ሲመጣ ሌላው ይቆማል። እኔ የማምነው ሳቁም ፍቅሩም ከአንድ ነገር ሲወጡ ነው።

ባለፈው ያየሁትን ልንገርሽ። ከመገናኛ ወደናንተ ሰፈር ታክሲ ውስጥ ነኝ፣ ከፊቴ የማይተዋወቁ ወንድና ሴት ተቀምጠዋል፣ ረዳቱ የሁለቱንም መልስ በአንድ ድፍን መቶ ብር አድርጎ «የሁለታችሁ ነው፣ ተካፈሉ» ብሎ ለሷ ሰጣት። ያው ታውቂዋለሽ፣ ያልደረሰበት ሰው የለም። እሱ ብሩን ይዛበት እንዳትወርድ በጎን ያያታል፣ እያያት መሆኑ እንዳይታወቅበት ደሞ ቶሎ ወደ መስኮቱ ይዞራል። ሲወርዱ ሱቅ ሄዱ፣ ዝርዝር የለም ተባሉ፣ ሁለተኛውም የለም ሶስተኛውም የለም፣ እኔም መንገዴ በዛው ስለነበር ከኋላ ከኋላቸው ነኝ፣ ሶስተኛው ሱቅ ላይ ግን እያወሩ ነበር የደረሱት። በመጨረሻ እሷ «በቃ በቴሌብር ልላክልህ፣ ስልክህን ንገረኝ» ስትለው ልጁ የገዛ ቁጥሩ ጠፋበት፣ ሁለቴ ተሳስቶ በሶስተኛው ነው የያዘው። እዛ ውስጥ ለማሳቅ ብሎ የተናገረ አንድም ሰው የለም እኮ፣ ሁለቱም የፈለጉት ብራቸውን ነው፣ ግን የሚያስቀውም ያገናኛቸውም ያው መቶ ብር ነው።

ይሄ ነገር ድሮም የሚታወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 ፍራንክ ካፕራ የሰራው «ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት» የሚባል ፊልም አለ፣ ከአባቷ የኮበለለች የሀብታም ልጅና ከስራ የተባረረ ጋዜጠኛ ከማያሚ ወደ ኒውዮርክ በሚሄድ አውቶቡስ ላይ ይገናኛሉ፣ ብር እያጠራቸው ሲሄድ ባልና ሚስት ነን ብለው አንድ ክፍል ይይዛሉ፣ እሱ በሁለቱ አልጋ መሃል ገመድ ወጥሮ ብርድ ልብስ ይሰቅልና «የኢያሪኮ ግንብ» ይለዋል። ብርድ ልብሱ ያስቃል፣ ፍቅሩም ያለው እዛው ብርድ ልብስ ግራና ቀኝ ነው፣ ግንቡ መቼ ይፈርሳል እያልን እስከመጨረሻው እንቀመጣለን። ምርጥ ፊልም፣ ዳይሬክተር፣ ስክሪፕት፣ ሁለቱም መሪ ተዋንያን፣ 5ቱንም ኦስካር ጠቅልሎ ወስዷል። የሀብታም ልጅና ደሃ ታሪክ ሰለቸን ይባላል እንጂ እዚህ ፊልም ላይም ያው ታሪክ ነው፣ ልዩነቱ እዚህኛው ላይ ብሩ የምር ያልቃል።

ስለዚ ወንድምሽን እንዲህ ብለሽ ጠይቂው፣ ስክሪፕቱ ላይ ያለው ልጅ የት ነው የሚኖረው? የቤት ኪራይ ማነው የሚከፍለው? አባዶ የሚኖር ልጅ ቦሌ ያለች ልጅ ከወደደ ማታ 2 ሰዓት ሲጠጋ ታክሲ እንዳያመልጠው ሰዓቱን ያያል፣ እሷ ደሞ የሰለቸችው ይመስላታል፣ ይኸው ምንም ተንኮለኛ ሳይገባ ጠብ መጣ። ለምን አይነግራትም ትይኛለሽ፣ ሩቅ መኖሩን እንድታውቅ ስለማይፈልግ ነዋ! ተመልካች የሚናደደው አንድ ቃል ቢነጋገሩ የሚያልቅ ነገር ያለምክንያት ሲጎተትበት ነው፣ ዝም ያለበት ምክንያት ከገባን ግን አብረነው እንጨነቃለን። የጓደኛውን ቀልድ ደሞ ግማሹን አውጥቶ ለፍቅረኞቹ ይስጣቸው፣ ቀልድ መጻፍ ከቻለ ከባዱን ችሎታል በይልኝ፣ ያኔ አይከፋውም።

ጥያቄ፦ የፍቅር ኮሜዲ መጨረሻው የግድ ሰርግ መሆን አለበት? ባለቤቴ ካልተጋቡ ፊልም አይደለም ትላለች። (ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ የግድ አይደለም ወንድሜ፣ ግን ባለቤትህን እደግፋታለሁ። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው «ዌን ሃሪ ሜት ሳሊ» መጀመሪያ ሲታሰብ ዋናዎቹ ሃሪና ሳሊ ተለያይተው ነበር የሚቀሩት፣ ዳይሬክተሩ ሮብ ራይነር ግን ፊልሙን ሲሰራ ኋላ ሚስቱ የሆነችውን ሴት ተዋወቀና መጨረሻውን ቀየረው። እዛ ፊልም ላይ ሲጣሉ ሲታረቁ ጓደኛ ሲሆኑ 12 ዓመት አልፏል፣ ያን ሁሉ አብሮ ለጠበቀ ሰው መጋባታቸው ይገባዋል። በ3ኛው ደቂቃ ተዋውቀው በ10ኛው ከተፋቀሩ ግን ሰርጉ ላይ መቶ ሰው ቢጨፍር ምንም አይሰማንም።