ከመገጣጠሚያ ቅየራ በኋላ ስለሚደረግ ክትትልና ስለ ወጪው፦ ጥያቄና መልስ

መላሿ ጅማ ውስጥ በአጥንት ሕክምና ክፍል የሚሠሩ ነርስ ናቸው።

ከአጋሮ፦ ሲስተር፣ እናቴ አዲስ አበባ ጉልበታቸው ተቀይሮላቸው በደህና ይራመዳሉ። ለስድስተኛው ሳምንት ቀጠሮ የመኪናውን፣ የማደሪያውንና የአስታማሚውን ወጪ ስናሰላው ከበደን። ካላመማቸው ብንተወው ምን አለበት?

መልስ፦ ይማርልህ። ሰውን ከቀጠሮ የሚያስቀረው የካርድ ክፍያው ሳይሆን መንገዱ፣ አልጋ ኪራዩና ሥራውን ፈትቶ አብሮ የሚጓዘው አስታማሚ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቀጠሮው ቡና ለቀማ ላይ ከዋለማ ብዙ ቤተሰብ ጭራሽ አያስበውም። ይሁን እንጂ አለማመሙ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በዚህ ቀጠሮ ጉልበቱ ምን ያህል እንደሚታጠፍና እንደሚዘረጋ ይታያል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ያልተፍታታ ጉልበት ኋላ ለማፍታታት አስቸጋሪ ነው። ከዓመታት በኋላም ቢሆን ሰው ሠራሹ መገጣጠሚያ ሲላላ ወይም ዙሪያው ያለው አጥንት ሲሳሳ፣ ታማሚው ምንም ሳይሰማው ራጅ ላይ ቀድሞ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ከመቅረታችሁ በፊት ለሐኪማቸው ደውላችሁ፣ ራጁንና ምርመራውን ጅማ አሠርታችሁ ውጤቱን መላክ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ለዚህም ከሆስፒታል ሲወጡ የሚሰጠው የሕክምና ማጠቃለያና የተተከለው ዕቃ ዓይነትና መጠን የተጻፈበት ወረቀት ያስፈልጋል። ቁስሉ ፈሳሽ ካወጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ።

ከሊሙ፦ ጠቅላላ ወጪው ስንት ይሆናል?

መልስ፦ የትኛው መገጣጠሚያ፣ የትና መቼ እንደተቀየረ ሳይገለጽ የምሰጠው መልስ የለኝም።

ከጅማ፦ የጤና መድን አባል ነን፤ ይሸፍንልናል?

መልስ፦ የሪፈር ሰንሰለቱን፣ ማለትም ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል የሚደረገውን ቅብብል፣ ጠብቃችሁ መምጣት አለባችሁ፤ ዝርዝሩን ወረዳችሁን ጠይቁ። የመጓጓዣ ወጪን አይሸፍንም።

ከቦንጋ፦ አባቴ ዳሌያቸው ከተቀየረ ገና ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው። ደም ማቅጠኛው ስለተወደደብን አቋረጡት፤ አሁን አንድ እግራቸው ስላበጠ ወጌሻ እያሸላቸው ነው።

አንድ የውይይቱ ተሳታፊ፦ ወጌሻ ምን ክፋት አለው? አጎቴ የዳኑት በወጌሻ ነው፤ ዋጋውም አይጎዳም።

ሌላ ተሳታፊ፦ ወንድሜ፣ የአጎትህ ወለምታ ከተቀየረ ዳሌ ጋር አይነጻጸርም።

የመጀመሪያው ተሳታፊ፦ ሆስፒታል የሚያመላልስ ገንዘብ የሌለውስ ምን ያድርግ?

መልስ፦ ክርክሩ ይቆየንና ማሸቱን አሁኑኑ አስቁሙ። እብጠቱ በደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ ተነቅሎ ሳንባ ከገባ ይገድላል። ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዷቸው። ከዳሌ ቅየራ በኋላ ደም ማቅጠኛ ብዙውን ጊዜ እስከ 35 ቀን ድረስ ይወሰዳል። ዋጋው ሲከብዳችሁ ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩት፤ ለአንዳንድ ታማሚዎች ርካሹ አስፒሪን ሊታዘዝ ይችላል። ገንዘብ አነሰኝ ማለት አያሳፍርም፤ ሳይነግሩ ማቋረጥ ግን ሕይወት ያሳጣል።

ከጅማ፦ የእህቴ ቁስል ትንሽ ያዣል። ከመመላለስ አሞክሳሲሊን ብንገዛላትስ?

መልስ፦ ይህን ከላይ ጽፌዋለሁ። ቁስሉ ፈሳሽ ካወጣ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ መድኃኒትም በራሳችሁ አትጀምሩ፤ መድኃኒቱ ናሙና ሲወሰድ ተህዋሲውን ሊደብቀው ይችላል። ኢንፌክሽኑ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተደረሰበት ቁስሉ ተከፍቶ ታጥቦ ዕቃውን ማትረፍ ይቻል ይሆናል። ከቆየ ግን ብዙ ጊዜ ዕቃው ይወጣል፣ ለሳምንታት መድኃኒት ይሰጣል፣ ከዚያ በሌላ ቀዶ ሕክምና አዲስ ይተከላል። በመጓጓዣ የዳነው ብር ያኔ የትም አይደርስም።

ከአጋሮ፦ ሲስተር፣ ያሉትን ወረቀት ፈልገን አጣነው።

መልስ፦ ቀዶ ሕክምናው የተደረገበት ሆስፒታል መዝገብ ክፍል ቅጂ ጠይቁ፤ ስታገኙት በሁለት ሰው ስልክ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡት።